ስለ ተቀነሰ የጥይት ሙላት፤ በአሜሪካ ጥይት በቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች ልማድና ጥንቃቄ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በብዙ ቤቶች ውስጥ፥ ከመኖሪያው ሥር ባለው ምድር ቤት ወይም በመኪና ማቆሚያው ጥግ፥ አንድ ወፍራም የእንጨት ገበታ ይገኛል። በገበታው ጫፍ ባለ ረጅም እጀታ የብረት መጭመቂያ በብሎን ታስሮ ቆሟል፤ በአጠገቡም ትንሽ ሚዛን፥ በተርታ የተቦረቦረ የእንጨት ሰሌዳ፥ ጥቂት የባሩድ ጣሳዎችና አንድ ደብተር ተቀምጠዋል። ይህ ስፍራ አንድ ጊዜ የተተኮሰ ቀለህ እንደ ገና ሙሉ ጥይት የሚሆንበት ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ጠመንጃ ሠሪዎች ወይም ነጋዴዎች አይደሉም፤ ገበሬ፥ አስተማሪ፥ መካኒክ፥ ጡረተኛ ወታደር የሆኑ ናቸው፤ የሚሞሉትም ለሽያጭ ሳይሆን ለራሳቸው አደንና ለዒላማ ነው።

ሙያው ሰፊ ነው። ከእርሱ ውስጥ አንዱ ቅርንጫፍ ግን የሰውን ልማድ ለሚመረምር ሰው ከሌላው ይልቅ የሚያስተምር ነገር አለው፤ ይኸውም የተቀነሰ ሙላት የሚባለው፥ ማለት ፋብሪካው ከሚያደርገው ያነሰ ባሩድ አድርጎ ዝግ ያለና ለስላሳ ጥይት የማዘጋጀት ሥራ ነው። ይህን ሥራ ከውጭ የሚያይ ሰው ከሙያው ሁሉ አደጋ የሌለበት ክፍል ይመስለዋል፤ ባሩድ ኃይል ከሆነ፥ ትንሽ ባሩድ ትንሽ ኃይል፥ ትንሽ ኃይልም ትንሽ አደጋ ነው ብሎ ያስባልና። ሙያውን የሚያውቁት ግን ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን፥ ስሕተቱም ዓይንና እጅ የሚያሳጣ መሆኑን አጥብቀው ይናገራሉ። ነገሩ እንዴት እንደዚህ እንደሚሆንና ሰዎቹ ራሳቸውን ለመጠበቅ ምን ዓይነት ሥርዓት እንዳበጁ ከዚህ ቀጥሎ ይብራራል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ጥይት ክፍሎች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጥይት አራት ነገር ነው፤ ከናስ የተሠራው ቀለህ፥ በቀለሁ መቀመጫ ላይ የምትሰካው ትንሽ የእሳት መለኮሻ፥ ባሩዱና በአፉ ላይ የሚደፈነው አረር። ቃታው ሲሳብ መርፌው መለኮሻዋን ይመታል፤ እሳቱም በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያነድዳል፤ ባሩዱ ወደ ትኩስ ጋዝ ተለውጦ አረሩን በአፈሙዙ ውስጥ ይነዳዋል። ከአራቱ ክፍሎች ሦስቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላሉ። ቀለሁ ግን ይቀራል፤ ናስ ለስላሳና ተለማጭ ብረት ስለ ሆነ፥ በመጭመቂያው ቅርጹን እያስተካከሉ ብዙ ጊዜ ሊሞሉት ይቻላል። ዋጋው ከአራቱ ክፍሎች ከፍተኛው በመሆኑ፥ የሙያው ሁሉ መነሻ ቀለህን ላለመጣል ያለው ፍላጎት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የቀድሞዎቹ የአሜሪካ ጥይቶች ስማቸው ራሱ የሙላታቸውን ልክ ይናገር ነበር። በ1873 ለጦር ሠራዊቱ የተመረጠው ጥይት 45-70 ሲባል፥ ፊተኛው ቁጥር የአረሩን ስፋት በኢንች መቶኛ፥ ኋለኛው ደግሞ የጥቁር ባሩዱን ክብደት በግሬን ያመለክታል። ግሬን የባለ ሙያዎቹ መለኪያ ነው፤ 7000 ግሬን አንድ ፓውንድ ሲሆን፥ አንዱ ግሬን 65 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል። በ1882 የዊንቸስተር ኩባንያ ያወጣው ትንሹ 32-20 እንዲሁ 20 ግሬን የሚይዝ ማለት ነበር። ስሙን የሚያውቅ ሰው ሙላቱን ያውቃል፤ ሙላቱም ቀለሁ እስኪጠግብ ድረስ ነበር። የተቀነሰ ሙላትም ከዚያው ዘመን ይጀምራል፤ ለፈረሰኛው አጭር ጠመንጃ 70ው ግሬን ትከሻን እጅግ የሚደቃ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ በዚያው ቀለህ 55 ግሬን ብቻ እየተሞላ ይሰጥ ነበር። ወታደሮቹም ክረምት ሲገባ በአዳራሽ ውስጥ ዒላማ የሚለማመዱበት፥ ጥቂት ባሩድና ትንሽ ድቡልቡል አረር ያለው ሙላት ነበራቸው። ዛሬም ቢሆን ለስላሳው ሙላት በእንግሊዝኛ የሚጠራበት አንዱ ስም ከዚያ ከአዳራሹ የተወሰደ ነው።

መሣሪያውን ለተራው ሰው ያደረሰው ጆን ባርሎ የተባለ ሰው ነው፤ በ1884 በኮነቲከት ግዛት በኒው ሄቨን ከተማ አይዲያል የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ፥ በአንድ እጅ የሚያዙ የመሙያ ጉጠቶችንና የአረር ማፍሰሻ ቅርጾችን ይሸጥ ነበር። ከመሣሪያው ጋራ ያወጣው የመመሪያ መጽሐፍ ለሙያው እንደ ፊደል ገበታ ሆነለት። ኩባንያው በ1925 ላይማን ለተባለው ድርጅት ተላልፎ የመጽሐፉ ዘር እስከ ዛሬ ይታተማል። በ1937 ፊሊፕ ሻርፕ ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ፥ ኮሎኔል ታውንሰንድ ዌለንም (1877–1961) ለብዙ ዓመታት የጻፋቸው ጽሑፎች ከዚህ ወገን ናቸው። ከዚህም የተነሣ ይህ የእጅ ሥራ ከአብዛኞቹ የእጅ ሥራዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ከአባት ወደ ልጅ በቃልና በዓይን ብቻ የሚተላለፍ ሳይሆን ገና ከጅምሩ በቁጥር የተጻፈ ነው። ጠባዩ ለምን አስፈላጊ እንደ ሆነ ከባሩዱ ለውጥ ይታወቃል።

በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ የለሹን ባሩድ አወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የፈረንሳይ ሠራዊት በዚሁ ባሩድ የሚሠራውን የለበል ጠመንጃ ያዘ። ጥቁር ባሩድ የድኝ፥ የከሰልና የፖታሲየም ናይትሬት ቅልቅል ሲሆን፥ አነዳዱ በተዘጋበት ስፍራ ግፊት መጠን እምብዛም አይለዋወጥም። ጭስ የለሹ ግን በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፥ በክብደቱ ልክ የሚሰጠው ኃይል ከጥቁሩ እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ ቀለሁን መሙላት አያስፈልገውም፤ ዓይን መስፈሪያ መሆኑ በዚህ ቀረ። ሁለተኛውና ዋናው፥ የሚነድበት ፍጥነት በራሱ ግፊት ላይ የተመሠረተ ነው። ግፊቱ ሲጨምር አነዳዱ ይፈጥናል፤ አነዳዱ ሲፈጥን ግፊቱ ደግሞ ይጨምራል። ግፊቱ ከተወሰነ ልክ በታች ሲሆን ግን እሳቱ ይሰንፋል፤ ከባሩዱ ከፊሉ ሳይነድ ይቀራል፤ አንዱ ተኩስ ከሌላው ጋራ አይመሳሰልም። እንግዲህ እያንዳንዱ ባሩድ ሁለት ወሰን አለው ማለት ነው፤ ባለ ሙያዎቹ አንዱን ጣሪያ፥ ሌላውን ወለል አድርገው ይመለከቱታል። ጣሪያውን ሁሉም ሰው ይፈራዋል። ወለሉን ግን ጀማሪ የሆነ ሰው መኖሩንም አያውቅም።

ሰዎች ሙላትን የሚቀንሱበት ምክንያት ብዙ ነው። ልጅን ወይም አዲስ ተኳሽን የጠመንጃው ግፍትሪያ ሳያስደነግጠው ለማለማመድ፥ ጥንቸልና ቆቅ ሲያድኑ ሥጋውን ላለማበላሸት፥ በቤት የፈሰሰ የእርሳስ አረር ለመጠቀም፥ ባሩድ ለመቆጠብ፥ ጎረቤትን በድምፅ ላለማወክ። ከሁሉ የሚያንሰውን ድምፅ ያለውን ሙላት በቀልድ «የድመት ማስነጠስ» ይሉታል። ዌለንን የመሰሉ የዱር ተጓዦች ለትልቅ አውሬ የያዙትን ጠመንጃ ለወፍም እንዲሆን፥ ከሙሉው ጥይት ጋራ ጥቂት የተቀነሱ ጥይቶች ይዘው መሄድን ይወዱ ነበር።

ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት መካከል ዋነኞቹ ትንንሾቹ ጥይቶች ናቸው። ለምሳሌ 22 ሆርኔት የሚባለው፥ ትርጓሜውም ተርብ ማለት ነው፥ በ1885 ከወጣው ከዊንቸስተር የጥቁር ባሩድ ጥይት ተወስዶ በ1920ዎቹ መጨረሻ ዌለን ባሉበት በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አካባቢ በነበሩ ሰዎች የተሻሻለ ሲሆን፥ ከ1930 ጀምሮ በገበያ ዋለ። ሙሉ ሙላቱ 45 ግሬን የሚመዝን አረር በሰከንድ 820 ሜትር ያህል ይወረውራል። ይኸው ጥይት ሲቀነስ ከተራው የ22 ጥይት ጋራ ተካክሎ በሰከንድ ከ330 እስከ 400 ሜትር ባለው ፍጥነት እንዲሄድ ሊደረግ ይችላል፤ በዚያም ጊዜ ለጓሮ ዒላማ የሚበቃ የዋህ ጥይት ይሆናል።

ነገር ግን ጥይቱ ትንሽ መሆኑ ጥንቃቄውን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም በአንድ ወገን ያበዛዋል። የሆርኔት ሙሉ ሙላት እንደ ባሩዱ ዓይነት 10 ግሬን ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ነው፤ ሁለት ሦስተኛ ግራም ያህል ማለት ነው። ለትልቁ የ30-06 ጥይት 50 ግሬን የሚሞላ ሰው በግማሽ ግሬን ቢሳሳት ስሕተቱ ከመቶ አንድ ነው፤ በሆርኔት ላይ ያው ግማሽ ግሬን ከመቶ አምስት ይሆናል፤ ሙላቱ በግማሽ ከተቀነሰ ደግሞ ከመቶ ዐሥር። ሚዛኑ ሳይለወጥ የስሕተቱ ክብደት ዐሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ለትልቅ ጥይት በመስፈሪያ ብቻ የሚሞሉ ሰዎች እንኳ ለዚህ ሲሆን እያንዳንዱን ሙላት ይመዝናሉ።

ከአደጋዎቹ የመጀመሪያው የአረር መቀርቀር ነው። አረሩ ከቀለሁ ወጥቶ በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ተፈለፈሉት ጠምዛዛ ቦዮች ሲገባ የብረቱ ሰበቃ ይይዘዋል። ግፊቱ ከበቃ ይወጣል፤ ካልበቃ በመካከል ይቆማል። ንጹሕ የእርሳስ አረር፥ በተለይም ስብ ከተቀባ፥ በጥቂት ግፊት ይንሸራተታል፤ በመዳብ የተለበጠው ግን ጠንካራ ስለ ሆነ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል፤ ስለዚህም ለእርሳስ የተጻፈን ትንሽ ሙላት ለመዳብ ለበስ አረር ማድረግ ከከባድ ስሕተቶች አንዱ ነው። መቀርቀሩ በራሱ ሰው አይጎዳም። የሚጎዳው የሚከተለው ተኩስ ነው፤ ሁለተኛው አረር በቆመው ላይ ሲደርስ ግፊቱ መውጫ አጥቶ አፈሙዙን ያሳብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። ተኳሹ ሁለተኛውን የሚተኩስበት ምክንያትም የሚያሳዝን ነው፤ የተቀነሰ ሙላት ድምፁ ስለሚያንስ፥ አረሩ ያልወጣበት ተኩስ ከወጣበት ተኩስ በጆሮ በጥቂቱ ብቻ ይለያል። ሙሉ ጥይት የሚተኩስ ሰው ይህን ልዩነት አይስተውም፤ ድመት ስታስነጥስ የለመደ ጆሮ ግን ሊስተው ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ ድርብ ሙላት ነው። ለተቀነሰ ሙላት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ለሽጉጥ ወይም ለወፍ ማደኛ ጠመንጃ የተሠራ ፈጣን ባሩድ ነው፤ በጥቂቱና በዝቅተኛ ግፊትም ደኅና ስለሚነድ። ይኸው ባሩድ ግን ሥፍራ አይዝም። በአንድ ሰፋ ያለ ቀለህ ውስጥ ሁለት ሙላት ብቻ ሳይሆን ሦስትም ሳይፈስ ሊገባ ይችላል። ሠሪው በስልክ ተጠርቶ ወይም ከልጁ ጋራ ሲነጋገር አንዱን ቀለህ ሁለት ጊዜ ቢሞላው፥ በጣም ለስላሳ ይሆናል ያለው ጥይት ጠመንጃውን የሚበትን ይሆናል። ከመጠን በላይ የሆነው ግፊት የሚመጣው እንግዲህ ብዙ ባሩድ ከሚፈልገው ሰው ሳይሆን ጥቂት ከሚፈልገው ሰው ገበታ ነው።

ሦስተኛው የሚከራከሩበት ነው። ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ በትልቅ ቀለህ ውስጥ እጅግ ሲቀነስ፥ ጠመንጃ ያለ ሌላ ምክንያት የፈነዳበት ጊዜ እንዳለ በጽሑፍ ተመዝግቧል። አንዳንዶች አረሩ በመጀመሪያው ደካማ ግፊት ጥቂት ተጉዞ ይቆምና፥ ኋላ ባሩዱ በሙሉ ሲቀጣጠል እንደ ተቀረቀረ አረር ይሆናል ይላሉ፤ ሌሎችም በቀለሁ ውስጥ በተኛው ባሩድ ላይ እሳቱ ከላይ ጠርጎ ሲያልፍ የግፊት ማዕበል ይነሣል ይላሉ። በቤተ ሙከራ ነገሩን በፈለጉት ጊዜ መልሶ ማሳየት አስቸጋሪ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ጉዳዩን በድርብ ሙላት የሚያሳብቡ አሉ። ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን የሥራው ደንብ አንድ ነው፤ ዘገምተኛ ባሩድ አይቀነስም።

ይህ ደንብ በምን ያህል ዝርዝር እንደሚሠራ ለመረዳት ከአንድ ድርጅት የሚወጡትን ሁለት ባሩዶች ማነጻጸር ይበቃል። ብሩስ ሆጅደን የተባለው የካንሳስ ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከመንግሥት የተረፈውን 4895 የተባለ የጦር ባሩድ በብዛት ገዝቶ በፖስታ ይሸጥ ነበር። በስሙ የተጠራው ድርጅት ኤች 4895 ስለ ተባለው ባሩድ የሚሰጠው ምክር፥ በመመሪያው ለአንድ ጥይት ከተጻፈው ከፍተኛ ሙላት እስከ ከመቶ 60 ድረስ መውረድ ይቻላል የሚል ነው፤ ለወጣት ተኳሾች ታስቦ የወጣ ምክር ነው። ያው ድርጅት በሆርኔት ጭምር ስለሚሞላው ስለ ኤች 110 ሲናገር ግን ከመቶ ከ3 በላይ አትቀንሱ ይላል፤ ከዚያ በታች አነዳዱ ይዛባል፥ አረርም በአፈሙዝ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሁለቱ ጣሳዎች በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከመቶ 60 የሚለውን ቁጥር ሰምቶ የባሩዱን ስም የረሳ ሰው እውነተኛ ምክር ይዞ ወደ አደጋ ይሄዳል። አፍ ለአፍ የሚሄድ ዕውቀት ቁጥሩን ይዞ ሁኔታውን ይጥላልና፥ ባለ ሙያዎቹ «መጽሐፉን ተመልከት» ማለትን የሚያዘወትሩት ስለዚህ ነው።

ሥራው በጥንቃቄ ሲሠራ አካሄዱ እንዲህ ነው። ሠሪው መጀመሪያ ጠመንጃውን፥ ጥይቱን፥ አረሩንና ባሩዱን ለይቶ፥ ለነዚህ ለአራቱ በአንድነት የተጻፈ የተቀነሰ ሙላት በታወቀ መመሪያ ውስጥ ይፈልጋል። ካላገኘ ባሩዱን ይለውጣል እንጂ ቁጥር አይፈጥርም። ከዚያ አምስት ያህል ጥይት ብቻ ይሞላል። የሚጀምረውም ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር ነው፤ ከእርሱ በታች አይወርድም። እየተኮሰ የእያንዳንዱን ፍጥነት በመለኪያ መሣሪያ ይመዘግባል፤ ፍጥነቶቹ እጅግ ከተራራቁ ባሩዱ ከወለሉ አጠገብ መድረሱን ይረዳል፤ በአፈሙዙ ውስጥ ያልነደደ የባሩድ ፍሬ ካገኘም እንዲሁ። ከዚያም በየጥቂቱ፥ ለሆርኔት ከግማሽ ግሬን ባነሰ እርምጃ፥ ወደ ላይ ይወጣል። የተለመደው የሙሉ ሙላት ሥራም ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ስለ ሆነ ሁለቱ ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ ልዩነቱ ይህኛው ከበታቹም ገደል ያለበት መሆኑ ነው።

ድርብ ሙላትን ለመከላከል የተበጀው ሥርዓት በጣም ቀላልና በጣም ጥብቅ ነው። በገበታው ላይ ከአንድ ዓይነት ባሩድ በቀር አይቀመጥም። ባዶ ቀለሆች በሰሌዳው ላይ አፋቸው ወደ ታች ተደፍተው ይቆማሉ፤ አንዱ ሲሞላ ብቻ ይቀናል። ሁሉም ከተሞሉ በኋላ ሠሪው መብራት ይዞ በየቀለሁ አፍ ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ የባሩዱ ከፍታ በሁሉ እኩል ካልሆነ የተጠረጠረው ብቻ ሳይሆን በሰሌዳው ያለው ሁሉ ተገልብጦ እንደ ገና ይመዘናል። ይህ ምርመራ አረር ከመደፈኑ በፊት ካልተደረገ ሌላ ጊዜ የለውም። የ21ኛው ምዕት ዓመት በገባ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትሬል ቦስ የተባለ ባሩድ የወጣው ለዚሁ ችግር መልስ እንዲሆን ነው፤ ፍሬው እንደ ቀለበት መካከሉ የተበሳ በመሆኑ ለክብደቱ ብዙ ሥፍራ ይይዛል፤ ሁለት ጊዜ ቢጨመር ከአብዛኛው ቀለህ ሞልቶ ይፈስሳል። በሌላ አነጋገር፥ ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ጥቁር ባሩድ ዘመን፥ ዓይን ወደሚፈርድበት ሙላት መመለስ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከገበያ እየጠፋ በመምጣቱ ሠሪዎቹ ወደ መብራታቸው ተመልሰዋል።

በተኩስ ጊዜም ደንብ አለ። ድምፁ ያነሰ ወይም የተለየ ከመሰለ መተኮስ ይቆማል። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንደ ያዘ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ዘግይቶ የሚነድ ባሩድ አለና። ከዚያ ጥይቱ ይወጣል፤ መዝጊያው ተከፍቶ በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን መታየቱ ይረጋገጣል። ዒላማው ላይ አዲስ ቀዳዳ መፈለግ ይህን አይተካም።

በቀለሁ ላይ የሚደርስ አንድ ስውር ለውጥም አለ፤ በመጽሐፍ ብዙ ጊዜ በአጭሩ ይታለፋል እንጂ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሙሉ ሙላት ሲተኮስ ግፊቱ ቀለሁን ወደ ኋላ ገፍቶ በጠመንጃው መዝጊያ ላይ ያስቀምጠዋል። በተቀነሰ ሙላት ጊዜ ግን ግፊቱ ለዚያ አይበቃም፤ የመርፌው ምትና የመለኮሻዋ እሳት ቀለሁን ወደ ፊት ይገፉታል፤ ትከሻ ያለው ከንፈር አልባ ቀለህ ከሆነም ትከሻው በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ ቀለህ ኋላ በሙሉ ሙላት ቢተኮስ ያለ ልኩ ተለጥጦ በወገቡ ሊበጠስና ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊለቅ ይችላል። ለመከላከል ሲሉ የእሳቱን ቀዳዳ የሚያሰፉ አሉ፤ እንዲህ የሆነ ቀለህ ግን ለሙሉ ሙላት ፈጽሞ አይመለስም። ሆርኔትና 32-20 በመቀመጫቸው ዙሪያ ከንፈር ስላላቸውና የሚይዛቸውም ይኸው ከንፈር ስለ ሆነ ከዚህ ነጻ ናቸው፤ ለጀማሪ የሚመከሩበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር፥ ዋናው ችግር የባሩዱ ኃይል ሳይሆን አለመታየቱ መሆኑ ነው። አረሩ ከተደፈነ በኋላ የተቀነሰው፥ ሙሉውና የተደረበው ጥይት በመልክ አንድ ናቸው። በኢትዮጵያ የቀለህን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጉዳይ እንግዳ አይሆንም። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት፥ ይልቁንም የውጅግራ ጥይት፥ ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋራ በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፥ በ1874 የፈረንሳይ ሠራዊት የያዘውን፥ 25 ግራም አረርና 5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድ የሚጎርሰውን ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ያመለክታል። ጥይት እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተቀባዩ የሚያየው የናሱን መልክና የአረሩን አደፋፈን ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው በእምነት ይወሰዳል። በገበያ ላይ እምነቱ ቢጓደል የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ በጠመንጃው ጀርባ ላይ ቢጓደል የሚጠፋው ሌላ ነው።

የአሜሪካ ሠሪዎች ይህን የማይታይ ነገር እንዲታይ ለማድረግ የተለያየ ምልክት አበጅተዋል። ሠራዊታቸው ቀድሞ ለዘብ ጠባቂዎች የሚሰጠውን የተቀነሰ ጥይት፥ ወታደሩ በጨለማ በጣቱ ዳስሶ እንዲለየው ቀለሁን በጭረት ያሰርጎድ ነበር። የቤቱ ሠሪም እንደዚሁ የመለኮሻዋን ጀርባ በቀለም ይቀባል፥ ለተቀነሰው ሙላት ብቻ የሚሆኑ ቀለሆችን ይለያል፥ ወይም የእርሳስ አረርን ለተቀነሰ፥ መዳብ ለበሱን ለሙሉ ብቻ ያደርጋል። ሣጥኑ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የባሩዱን ስም፥ ክብደቱን፥ የአረሩን ዓይነት፥ ቀኑንና የጠመንጃውን ስም ይይዛል። ደብተሩ ደግሞ ከዚህ የበለጠውን፥ የአየሩን ሙቀትና ያልሆነለትን ሙከራ ሳይቀር ይጽፋል።

በጥቂት ነገር አሁንም አይስማሙም። በሰፊ ቀለህ ውስጥ ያለው ጥቂት ባሩድ ወዲያና ወዲህ ስለሚንሸራተት፥ አፈሙዙ ወደ ላይ ከተነሣ በኋላ የተተኮሰውና ወደ ታች ካዘነበለ በኋላ የተተኮሰው ፍጥነታቸው ይለያያል። ስለዚህ አንዳንዶች በባሩዱ ላይ ጥቂት ጥጥ መሰል ነገር ጣል ያደርጋሉ። ሌሎች ይህን ይቃወማሉ፤ በባሩዱና በአረሩ መካከል ባዶ ሥፍራ ትቶ የሚቀመጥ ድፍን በጥይቱ ማደሪያ ብረት ላይ ቀለበት የመሰለ ጉዳት ሲያደርስ ታይቷልና። ክርክሩ ረጅም ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው የተበላሸ ወይም ያልተበላሸ ጠመንጃ አለው። ለትንንሾቹ ጥይቶች ግን ክርክሩ ብዙም አያስፈልግም፤ ቀለሁን በሚበቃ መጠን የሚይዝ ባሩድ መምረጥ ድፍኑን ያስቀራል።

ከሁሉ የጠነከረው ልማዳቸው ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አለመተኮስ ነው፤ ወንድም ቢሆን፥ የብዙ ዘመን ባልንጀራም ቢሆን። መስጠቱ እንደ ድፍረት፥ እንቢ ማለቱም እንደ ስድብ አይቆጠርም። ይህ ልማድ ከሁሉ በላይ የሚታየው አንድ ሽማግሌ ሠሪ ሲሞት ነው። ልጆቹ መጭመቂያውን፥ ሚዛኑንና ጠመንጃዎቹን ይካፈላሉ፤ በመደርደሪያው ላይ ያሉት በመቶ የሚቆጠሩ ጥይቶች ግን ይቀራሉ። ወረቀት የተለጠፈባቸውም ቢሆኑ እጁን ከማያውቁት ሰው የመጡ ናቸው፤ ወረቀት የሌላቸው ደግሞ የተቀነሱም፥ ሙሉም፥ ሌላም ሊሆኑ ይችላሉ። ከወራሾቹ ሙያውን የሚያውቅ አንዱ በገበታው አጠገብ ተቀምጦ ጥይቶቹን አንድ በአንድ በመንቀያ መዶሻ እየመታ አረሩን ያወጣል። አረሩ በአንድ ዕቃ፥ ቀለሁ በሌላ ዕቃ ይጠራቀማል። ባሩዱ፥ ምንም ያህል ደኅና ቢመስል፥ ስሙ ያልታወቀ ስለ ሆነ ወደ ጣሳ አይመለስም።